ትልቁ እሳትና ትንሹ እሳት

ባለ ሁለት ደረጃ የጋዝ ማሞቂያ ሁለት ዓይነት እሳት ያለው የቤት ማሞቂያ ነው። ትልቁን እሳት የሚያነደው ብርዱ ሲከፋ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ በትንሹ ይውላል፣ በትንሹ ያድራል። ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ካልጋሪ ወይም ቶሮንቶ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ ከምድር ቤቱ ጥግ ቁም ሣጥን የሚያህል የብረት ሣጥን ቆሞ ያገኛል፤ ያ ሣጥን ወይ ይኸው ዕቃ ነው፣ ወይ ደግሞ ባለ አንድ ደረጃው ታላቅ ወንድሙ። ስሙ ፈርነስ ነው። ቤተሰቡ ግን «ሂተሩ» እያለ ይጠራዋል፤ የሚያስታውሰውም ሲበላሽ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለው ገፈርሳ እንዲህ ያለ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ገፈርሳ ላይ ያለው የከሰል ማንደጃ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ስለ ሁለቱም ብዙ ያስረዳል፤ ማንደጃው ከተገመተው በላይ ብልህ፣ ከተገመተውም በላይ አደገኛ ሆኖ ይገኛልና።

የፈርነሱ አሠራር ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ከመንገድ በቱቦ የሚመጣው ጋዝ ቫልቭ ላይ ይደርሳል። ባለ አንድ ደረጃው ማሞቂያ ላይ ቫልቩ ወይ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል ወይ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ መሀል ላይ መቆም አያውቅም። ባለ ሁለት ደረጃው ግን ገርበብ ማለትም ይችላል። ገርበብ ሲል ከሙሉ ኃይሉ 65 ወይም 70 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። እሳቱ የሚነደው የቤቱ አየር በማይደርስበት የብረት ሆድ ውስጥ ነው። ጭሱን አንድ ትንሽ ማራገቢያ እየሳበ በራሱ ቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሌላ ትልቅ ማራገቢያ ደግሞ የቤቱን አየር በጋለው ብረት ጀርባ እያሳለፈ ወደየክፍሉ ይነዳዋል። እሳቱ ሲያንስ ሁለቱም ማራገቢያዎች ይረጋጋሉ። ጭሱንና ሰው የሚተነፍሰውን አየር የሚለያያቸው ያ ስስ ብረት ብቻ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ወደ እርሱ ስለሚመለስ ከወዲሁ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች የማሞቂያን ጉልበት የሚለኩት ቢቲዩ በሚባል መለኪያ ነው። በሰዓት 80,000 ቢቲዩ የሚሰጥ ፈርነስ እዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ በኪሎ ዋት ሲመነዘር 23 ገደማ ይሆናል። ይህም ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውምና በምጣድ መቁጠር ይሻላል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። እንግዲህ ያ ፈርነስ በትልቁ ሲነድ ስድስት ምጣድ፣ በትንሹ ሲነድ አራት ምጣድ ያህላል ማለት ነው። አራት ምጣድ ለሚበቃው ቤት አንዲት ሴት ስድስት ምጣድ ለኩሳ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስድስቱንም አጥፍታ፣ ሩብ ሰዓት ቆይታ ደግሞ ስድስቱንም መልሳ ብትለኩስ ሰፈሩ ጠበል ይዟት ይሄድ ነበር። ባለ አንድ ደረጃው ፈርነስ ክረምቱን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጠበል ሂድ ያለው ግን የለም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ባለሙያ ማሞቂያ ሲመርጥ የሚያሰላው ለዓመቱ ክፉ ሌሊት ነው። በሚኒያፖሊስ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚህ የከፋም ይመጣል። ለዚያ ሌሊት የሚበቃ እሳት፣ ላይ ደግሞ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚጨመር ምርቃት፣ ለቀሩት ወራት ከመጠን ያለፈ ይሆናል። እንዲህ ያለው ማሞቂያ ገና ከመነሣቱ፣ ሙቀት እየለካ የሚያዝዘው ቴርሞስታት ያለበትን ኮሪደር አሙቆ ይጠፋል። የልጆቹ መኝታ ቤት ግን ሙቀቱ ሳይደርሰው ይቀራል። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማራገቢያው እንደገና እየጮኸ ይነሣል። ሳሎን ያለ ሰው ኮቱን ያወልቃል፣ ይለብሳል፣ ያወልቃል።

ባለ ሁለት ደረጃው ይህን ሁከት የሚያበርደው ረጅም ሰዓት በትንሹ በመሥራት ነው። ለብ ያለ አየር ቀስ እያለ ወደ ሁሉም ክፍል ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። በታችኛውና በላይኛው ፎቅ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ አየሩም በማጣሪያው ውስጥ ደጋግሞ ስለሚያልፍ አቧራው ይቀንሳል። ደረጃውን የሚለዋውጥበትም መንገድ ቀላል ነው። አንዳንዱ ለዚሁ የተሠራ ቴርሞስታት አለው። ሌላው የሚመራው በሰዓት ነው፦ በትንሹ ይጀምርና ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ቤቱ የሚፈለገው ሙቀት ላይ ካልደረሰ ወደ ትልቁ ይሸጋገራል። ቡና እንኳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ደረጃ ባለበት ዓለም ሁለት ደረጃ ትልቅ ግኝት ሆኖ መቅረቡ ሊያስገርም ይችላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ በርግጥ ይታወቃል።

የሚያማርረውም አለ። ከገፈርሳ ልጅ ለመጠየቅ ሚኒሶታ የገቡ እናት የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፉት እሳቱን ሲፈልጉ ነው። እሳት የሌለበት ሙቀት አይታመንም። እጃቸውን ወለሉ ላይ ባለው የአየር ቀዳዳ ላይ ይዘረጋሉ፤ በትንሹ ደረጃ የሚወጣው አየር ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይደለም። «ኸረ ይሄ ነገር ነፋስ ነው የሚተፋው፤ ቤትህን አስቀዝቅዞ ሊገድልህ ነው» ይላሉ። ልጅ ግድግዳው ላይ 70 የሚለውን ቁጥር ያሳያል። ፋራናይት መሆኑን ሲያስረዳ ነገሩ ይብስበታል፤ ሰባ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ የሚበርደው ሰው የለምና ቁጥሩ ራሱ ውሸታም ሆኖ ይገኛል። በመጨረሻ እናት ወንበራቸውን ጎትተው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጣሉ። ጋቢያቸውን ዙሪያውን እስከ ወለል ይለቁታል። ድንኳን ሆነ ማለት ነው። ለሳሎኑ የታሰበው ሙቀት በሙሉ ጋቢ ውስጥ ይቀራል፣ ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፣ ቴርሞስታቱ ይደነግጣል፣ ፈርነሱም ወደ ትልቁ እሳት ይሸጋገራል። እናትም «አየህ፣ አሁን ገና ሠራ!» ይላሉ።

የቁጠባውን ነገር ሻጮች ከሚገባው በላይ ያጋንኑታል። የፈርነስ ቆጣቢነት የሚለካው በዓመት ከሚያቃጥለው ጋዝ ስንት በመቶው የቤት ሙቀት እንደሚሆን በማስላት ነው። በአሜሪካ ለመደበኛ የቤት ፈርነስ የተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 80 በመቶ ነው፤ ምርጦቹ ከ95 በላይ ይደርሳሉ። ከ80 ወደ 95 የሚያደርሰው ግን ሁለተኛው ደረጃ አይደለም። ጋዝ ሲነድ የውኃ ተን ይወጣል፤ በአሮጌው ዓይነት ይህ ተን ሙቀቱን እንደ ተሸከመ በጭስ ማውጫው ያመልጣል። አዲሱ ዓይነት ጭሱን አንድ ተጨማሪ ብረት ውስጥ አዙሮ ተኑን ወደ ውኃነት ይመልሰውና ሙቀቱን ይቀማዋል። የሚወጣው ጭስ ከመቀዝቀዙ የተነሣ በፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል፤ ውኃውም በቀጭን ላስቲክ ወደ ፍሳሹ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ደረጃ የሚያተርፈው መነሣትና መጥፋቱ ቀንሶ በየመሀሉ የሚባክነውን ነው። እርሱ ደግሞ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ፈርነስ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ምቾትና ጸጥታ ነው፤ ገንዘብ ይመለሳል ያለው ሻጭ ግማሽ እውነት ነግሮታል።

ወደ ገፈርሳ ሲመጣ ነገሩ ከብርዱ ይጀምራል። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከቡራዩ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛል። ስሙ ከግድቡ ጋር ይነሣል፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ቀደምት ከሆኑት የቧንቧ ውኃ ምንጮች አንዱ ነው። ዋና ከተማው ውኃውን ወሰደ፣ ብርዱን ለባለቤቱ ተወለት። ሥፍራው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ የምትገኘው ሱሉልታም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ዝቅ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የ300 ሜትር ልዩነት ሁለት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሁለት ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም ነው። ከሰበታ ተድራ ቡራዩ የገባች ሙሽራ ግን በመጀመሪያው ኅዳር ታውቀዋለች።

ብርዱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሐምሌና የነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ ቀኑ ይመሻል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ቅዝቃዜው እርጥብ ነው። ሌሊቱ ግን ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍነው ያን ያህል አይከፋም። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የበጋ ብርድ ነው። ቀን ፀሐይዋ ማጅራት ታቃጥላለች፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ከተራራው ወርዶ ሜዳ ላይ ይተኛል። በወተቱና በድርቆሹ የሚታወቀው የሱሉልታ ሜዳ ጧት በአመዳይ ነጭ ሆኖ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ በደስታ የሚታዩት ሯጮች ብቻ ናቸው። እነርሱ የመጡት ለሳሳው አየር ነው፤ ለብርዱ መድኃኒታቸውም መሮጥ ነው። ሌላው ነዋሪ ሌላ መድኃኒት መፈለግ አለበት።

ቤቱም ብርዱን ያግዛል። የአካባቢው ቤት ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል፤ ኮርኒስ ካለም ብዙ ጊዜ አቡጀዴ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ነው። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከውጭው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ሽቅብ ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ይሆናል። ንጋት ላይ ጤዛው በየተራ ይንጠባጠባል፦ አንዷ ጠብታ ግንባር ላይ፣ አንዷ ትራስ ላይ፣ አንዷ የተማሪው ደብተር ላይ። ዝናብ ሳይዘንብ ቤት ውስጥ የሚዘንበው እንዲህ ነው። የሣር ቤት ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ሣሩ ወፍራም ነበር፣ መሀል ላይ ምድጃ ነበር፣ ከብቶቹም በአንድ ጣራ ሥር ያድሩ ነበር። ላም ያለ ምንም ነዳጅ ወጪ ሌሊቱን ሙሉ የምትሞቅ ማሞቂያ ናት። የሽታው ነገር ሲነሣ ዝም ማለት ይሻላል።

ነዳጅ የማይፈልገው ሌላው ማሞቂያ ሰው ራሱ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ የጋቢ ሥራ ያንን እንዳያመልጥ መያዝ ነው። አራት ድርብ ጥጥ በመካከሉ አየር ይዞ ስለሚያስቀር የሚገርም ሥራ ይሠራል። ቡልኮውም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስም ያው ናቸው። ሚኒሶታ ላይ የወንበር ድንኳን የሠሩት እናት እንግዲህ ሳይንሱን ሳይማሩ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንደጃው ይመጣል። ሥርዓት አለው። ከሰሉ የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ስንጥር ይገባል፣ ቸኩለው ከሆነ ነጭ ጋዝ ጠብ ይደረጋል፣ ካርቶን ተይዞ ይራገባል። ጭሱ እስኪወጣለት ይጠበቃል። ፍሙ ቀይ ሲሆን ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። ይህ ትልቁ እሳት ነው። ጀበናው ይጣዳል፣ ፍንጣሪው ይፈናጠራል፣ ልጆች «ራቅ በሉ» ይባላሉ። ቡናው ሲያልቅ እናት በማንኪያ ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ አመድ ዝቀው ፍሙ ላይ ያለብሳሉ። አመዱ አየር ስለሚከለክለው ፍሙ ይተኛል፤ አይጠፋም፣ አይነድም። እስከ እኩለ ሌሊት ለብ እንዳለ ይቆያል። ይህ ደግሞ ትንሹ እሳት ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማሞቂያ የሚባለው ነገር በሙሉ ገፈርሳ ላይ በአንድ ማንኪያ አመድ ይሠራል።

ቴርሞስታቱ እናት ናቸው። የሚለኩት በእግራቸው ጫፍ ነው። «ማንደጃውን ወደ አባትህ ጠጋ አድርገው» ካሉ ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ «አመዱን ትንሽ ገለጥ አድርጊው» ካሉ የበለጠ ቀዝቅዟል። እንግዳ ከመጣ ግን ሙቀቱ የሚለካው በክብር ነው። እንግዳው ላብ በላብ ሆኖ «ኸረ ይበቃኛል» ሲል «አይ፣ ከደጅ ነው የመጣኸው» ይባልና ማንደጃው ጉልበቱ ሥር ይገባል። እንግዳ ደግሞ ሱሪው ሽታ እስኪያመጣ ድረስ ይግደረደራል። ላቀች የምትባለው የተሻሻለች የከሰል ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ስትመጣ ይህ ሥርዓት አልተነካም። ሆዷ ሸክላ፣ ልብሷ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱን ስለምትይዝ ከቆርቆሮው ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች።

አሁን ጭሱን ከሰው የሚለየው ስሱ ብረት ይመጣል፤ ማንደጃ እርሱ የለውም። ማንደጃ ሙቀት አያባክንም፤ ጭስ ማውጫ ስለሌለው ከከሰሉ የሚወጣው ሙቀት በሙሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። በፈርነሶቹ ስሌት መቶ በመቶ አካባቢ ያገኛል። ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው። ከፍሙ ሥር የሚገባው አየር ከሰሉን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ያ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ሽቅብ ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ላይ ሲደርስ፣ ፍሙ ግሎ ከሆነና አየር ካገኘ ይነዳል፤ በደንብ የተያያዘ ፍም ላይ የምትጨፍረው ሰማያዊ ነበልባል እርሷ ናት። አመድ ሲለብስ ሰማያዊዋ ነበልባል ትጠፋለች። ጋዙ ግን አልጠፋም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ስለዚህ በፈርነሱ ላይ ትንሹ እሳት የምቾት ደረጃ ሲሆን፣ በማንደጃው ላይ ግን ትንሹ እሳት ከትልቁ ይልቅ የሚያሠጋው ሆኖ ይገኛል። ሰው የሚተኛውም ያኔ ነው።

«ጭሱ ወጥቶለታል» የሚለው አባባል ያታልላል። የሚወጣው ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ዓይን አያስለቅስ። ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ በጥቂቱም ቢሆን የኦክሲጅንን ቦታ ይቀማል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፤ ሰውየውም ጉንፋን ነው ብሎ ብርድ ልብሱን ይበልጥ ይሸፋፈናል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ሎሚ ማሽተት አያድነውም።

ከዚህ ጋር አንድ የማይመች እውነት አለ። ያ እጅ የሚያሳልፍ የጣራ ክፍተት፣ የሚረገመው ነፋስ ማስገቢያ፣ ለብዙ ዘመን ማንደጃ አጠገብ የተኛውን ሰው ሲያድን የኖረው እርሱ ነው። አሁን በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠሩት ቤቶች የአሉሚኒየም መስኮት፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ ከሥሩ ላስቲክ ያለው በር አላቸው። ብርድ አይገባም፤ ጋዙም አይወጣም። ቤቱ ዘመናዊ ሆኖ ማንደጃው የቀድሞው ከሆነ ከሁለቱ ዘመናት የተወሰደው መጥፎ መጥፎው ነው።

ታዲያ ፈርነሱ ይምጣ ቢባልስ? መጀመሪያ ጋዙ። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ እስከ ገፈርሳ ሰፈሮች የተዘረጋ ቱቦ ግን የለም። የሚቀረው ሲሊንደር ነው። ለወጥ ሥራ ሲሆን ብዙ የሚቆየው የ12.5 ኪሎ ሲሊንደር 80,000 ቢቲዩ በሚያነድ ፈርነስ ላይ በትልቁ እሳት ሰባት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በትንሹ ወደ አሥራ አንድ። ማታ የተገጠመ ሲሊንደር ጧት ባዶ ነው። ደግሞም አንድ ሲሊንደር ያን ያህል ጋዝ በፍጥነት ማትነን አይችልም፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩ ራሱ ከውጭ በረዶ ይይዛል። ማሞቂያውን የሚያሞቅ ሌላ ማሞቂያ ሊያስፈልግ ነው።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። 2,600 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በአነስተኛ ኦክሲጅን ብዙ ጋዝ ማንደድ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመጣ፣ በአሜሪካው የሥራ ደንብ የማሞቂያው ኃይል በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ እንዲቀነስ ይደረጋል። 1,609 ሜትር ላይ ያለችው ዴንቨር ይህን ሥራ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ገፈርሳ ላይ ሲሰላ ሲሶው ይቀነሳል፤ ስድስቱ ምጣድ አራት ይሆናሉ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ትልቁ እሳት ገፈርሳ ሲደርስ ትንሹን ያህላል፤ ለሁለተኛው ደረጃ የተከፈለው ገንዘብ መንገድ ላይ ቀረ። ሦስተኛው መብራት ነው። ፈርነስ የሚነደው በጋዝ ቢሆንም ማራገቢያውና ቫልቩ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲሄድ እሳቱም አብሮ ይሄዳል። ማንደጃ ቢያንስ መብራት ኃይልን አይጠብቅም።

ከዚህም በላይ ፈርነሱ ለገፈርሳ በዝቷል። እዚህ ብርዱ የሌሊት ብርድ ነው። ቤቱን ለመኖር በሚመች ሙቀት ለማቆየት ጥቂት ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ የሚኒሶታ ቤት ከውጭው 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ መለየት አለበት። አራት ምጣድ እንኳ ለሁለት ክፍል ቤት መዓት ነው።

ገፈርሳ ላይ በርግጥ የሚገኘው ባለ ሁለት ደረጃ ማሞቂያ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የተደረደረው፣ ሁለት ቀይ ዘንግ ያለው ትንሹ ሂተር ነው። አንዱ ማብሪያ ሲጫን አንዱ ዘንግ፣ ሁለተኛው ሲጫን ሁለቱም ይቀላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 1,000 እና 2,000 ዋት ገደማ። ከምጣድ ሩብና ግማሽ መሆኑ ነው። ጭስ የለውም፣ ስስ ብረት አያሻውም። አራት በአራት የሆነ ክፍል ደህና ኮርኒስ ካለውና የጣራው ክፍተት ከተደፈነ ሁለቱ ዘንጎች ግማሽ ሰዓት ያህል ቢበሩ ክፍሉ ይሞቃል፤ ከዚያ አንዱ ያቆየዋል። ኮርኒስ ከሌለው ግን ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ቢበሩ የሚያሞቁት ቆርቆሮውን ነው። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ከጣራ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ከዚያ ክፍተቱ፣ ከዚያ የበሩ ሥር፣ ሂተሩ የመጨረሻው ነው። ኮርኒሱ በገባ ዕለት ደግሞ ማንደጃው ወደ በረንዳ ይወጣል፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል፣ ከአቦል እስከ በረካ።

የሚቀረው ጣጣ የመስመሩ ነው። ብዙ ቤት በአንድ ቀጭን መስመር ስለሚጠቀም ምጣድና ሂተር አብረው ሲበሩ ፊውዙ ይቃጠላል። ይህ ከባለሙያ በፊት በቤተሰብ ስብሰባ የሚፈታ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምሽት ሂተሩ ይነቀላል። ሁሉም ሰው ሥራ ፈልጎ ወደ ማድ ቤት ይገባል፤ አንዱ ሊጡን ሊያቀርብ፣ አንዱ ሰፌዱን ሊይዝ፣ አባት ደግሞ «ምጣዱ በደንብ ግሏል ወይ?» ብለው ሊጠይቁ።